ዓይን ጨፍኖ፣ ጆሮ ደፍኖ፦ የፊልም ትሬለሮች ግምገማ

ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ስልኬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ የአዳዲስ ፊልሞች ትሬለር፣ ያቺን ፊልሙን የምታስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ፣ ከፈትኩ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል። እጄ አረፋ በአረፋ ስለሆነ ወደ ስክሪኑ አልዞርኩም፤ በጆሮዬ ብቻ ነው የተከታተልኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። አንዱንም ሳላይ የሁሉንም ዓይነት አውቄዋለሁ። የመጀመሪያው አስፈሪ ነው። ሁለተኛው የፍቅር ኮሜዲ። ሦስተኛው ላይ ዓለም ልትጠፋ ነው። አራተኛው ደግሞ አባትና ልጅ ለዓመታት ተኳርፈው የሚታረቁበት፣ ሽልማት ሽልማት የሚሸት ድራማ። እጄን አደራርቄ ወደ ኋላ እየመለስኩ አየኋቸው። አንዱንም አልሳትኩም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስለ ፊልም ሁላችንም እናወራለን፤ ታሪኩ ሳሳ፣ ትወናው አላሳመነኝም፣ መጨረሻውን አበላሹት እንላለን። ትሬለርን ግን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዕቃ ፊት ለፊት አስቀምጦ "ይሄ ነገር ይረባል ወይስ አይረባም?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። ከፊልም ይልቅ በብዛት የምናየው ግን እሱን ነው። እኔ በወር ቢበዛ አራት ፊልም አያለሁ። ትሬለር ቢቆጠር መቶ ሳይሞላ አይቀርም።

ስለዚህ ልገመግመው ተነሳሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ትሬለር ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍቼ፣ አንዴ እንደ ማንኛውም ሰው። ይሄን ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ስሠራ ታናሽ እህቴ "አንተ፣ ጤና የለህም እንዴ?" እያለች ታልፈኛለች። እሷ ትሬለር የሚባል ነገር አታይም። ወደሷ እመለሳለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ትሬለር የሚሸጠው ፊልሙን አይደለም፤ የፊልሙን ዓይነት ነው። "ይሄን ታውቀዋለህ፤ ባለፈው የወደድከው ዓይነት ነው፤ ና" ነው የሚለው። ይሄን ደግሞ ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ነው የሚነግራችሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ካየኋቸው ውስጥ የሳትኩት ሁለት ብቻ ነው። ድምፅ አጥፍቼ ካየኋቸው ግን ግማሹን ያህል ተምታቶብኛል።

ስለ ዕቃው ታሪክ ትንሽ ልበል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። ቃሉ ከኋላ የሚጎተትን ነገር ነው የሚያመለክተው፤ የከባድ መኪና ተሳቢም ትሬለር የሚባለው ለዚሁ ነው። የፊልሙም ድሮ እንዲሁ ነበር፤ የሚታየው ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1913 የተሠራ ነው። ያዘጋጀው ኒልስ ግራንለንድ ይባላል፤ በአሜሪካ የማርከስ ሎው ቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ሰው ነበር። ያስተዋወቀው ደግሞ ፊልም እንኳ አይደለም፤ ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር የሚታይ የሙዚቃ ትርኢት ነው። የአሠራሩ ችግር ግልጽ ነው። ፊልም ሲያልቅ ሰው ኮቱን አንስቶ ይወጣል፤ ማን ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ያያል? ስለዚህ ወደ ፊት አመጡት። ስሙ ግን ኋላ እንደቀረ ቀረ።

ከ1919 ጀምሮ ደግሞ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት ለስቱዲዮዎቹ ትሬለር ማዘጋጀትና ማሰራጨት ያዘ፤ ለአሥርት ዓመታትም ገበያውን ተቆጣጥሮት ኖረ። ትሬለሮች ከጥንትም ለምን እንደሚመሳሰሉ ሳስብ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል። ከአንድ ቤት የወጣ ልብስ መመሳሰሉ ምን ይገርማል?

መጠኑም የተለካ ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሚታይ ትሬለር በስቱዲዮዎቹ ማኅበር ደንብ ከሁለት ደቂቃ ተኩል እንዳይበልጥ ተብሎ ኖሯል፤ እያንዳንዱ ስቱዲዮ በዓመት አንድ ጊዜ ማለፍ ይፈቀድለታል። በ2014 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች "ኧረ ይሄም በዛ፣ ሁለት ደቂቃ ይሁንልን" ብለው መመሪያ አወጡ። እኔ በዚህ ከባለቤቶቹ ጋር ነኝ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ረጅም ነው፤ ያ ትርፍ ሠላሳ ሰከንድ ሁልጊዜ የሚውለው መነገር ለሌለበት ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ዓይነቶቹ። አስፈሪ ፊልም ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም ከሁሉም የተሻለ የተሠራው ዕቃ እሱ ነው።

አንዱን በሰዓት ይዤ አየሁት። መጀመሪያ ከላይ የተነሳ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኙ ጫካ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና። ሁልጊዜ መኪናዋን ከላይ ነው የምናያት፤ ማን እያያት እንደሆነ አይነገረንም። ከዚያ አዲስ ቤት። እናትየው ካርቶን እየፈታች "እዚህ ሁሉንም እንደ አዲስ እንጀምራለን" ትላለች። በቃ፤ ይሄን ዓረፍተ ነገር ያለ ሰው እንዳለቀለት ማንም ያውቃል። አሥራ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ልጅቷ ሥዕል ትሥላለች። "ማነው ይሄ?" "ጓደኛዬ።" ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ረጅም ነው፤ ፊት የለውም። አርባኛው ሰከንድ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ የሕፃናት መዝሙር ይጀምራል፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ባትሪው እንዳለቀ መጫወቻ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፤ በር ይዘጋል፣ እግር ይጎተታል፣ መስታወት ይሰነጠቃል፣ አንድ ቄስ ወይ አንድ ሽማግሌ "ቤቱ አይደለም ችግሩ" ይላል። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ላይ ጸጥ። ሙሉ ጸጥታ። አራት ሰከንድ ቆጠርኩ። ሴትየዋ አልጋው ሥር ልታይ ጎንበስ ትላለች፤ ምንም የለም። ቀና ትላለች፤ ምንም የለም። ርዕሱ ይወጣል። ትንፋሻችሁን ትለቃላችሁ። ያኔ ነው የሚመጣላችሁ።

ያቺ ከርዕሱ በኋላ የምትመጣ ድንጋጤ ሁሉም ጋ አለች። ሁሉም ጋ! እንደምትመጣ እያወቅኩም ክው ያደርገኛል። ስለዚህ እንዴት አይሠራም እላለሁ?

አሁን ያንኑ ትሬለር ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሳቅ ነው የሚገላችሁ። አንዲት ሴትዮ በር ትከፍታለች፣ በር ትዘጋለች። ሌላ በር ትከፍታለች። አፏን ትከፍታለች። ቤት የምትከራይ ሰው ነው የምትመስለው። ሁሉም ፍርሃት የነበረው ድምፁ ውስጥ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፁ በሚቋረጥበት ቦታ ላይ። ፍርሃት የሚሠራው በጩኸት ይመስለን ነበር። ጩኸቱ ሒሳቡን የሚዘጋው ብቻ ነው፤ ፍርሃቱን የሚሠራው ያ አራት ሰከንድ ነው።

ለዚህ ዓይነት ትሬለር ሌላ የምወድለት ነገር ቁጥብነቱ ነው። የዘ ሻይኒንግ የ1980 ትሬለር አንድ ትዕይንት ብቻ ነው ያለው። የሊፍት በር፤ በላዩ ላይ ስሞች ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ ከዚያ ከሊፍቱ ደም እንደ ጎርፍ ይወርዳል። አለቀ። ማን ምን ሆነ፣ ማን ማንን ገደለ፣ ምንም። የፓራኖርማል አክቲቪቲ የ2009 ትሬለር ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቹን ነው ያሳየው፤ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሲዘሉ፣ ፊታቸውን ሲሸፍኑ፣ እርስ በርስ ሲያያዙ። ይሄ ብልጠት ነው። ጭራቁን ሳያሳዩ የፈራውን ሰው ማሳየት። ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቻለሁ።

ኮሜዲ ጋ ስመጣ ሆዴ ይነዳል። ምክንያቱም በሱ ተበልቼ አውቃለሁ።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ፊልም ልናይ ገባን። ትሬለሩ ላይ ከአንጀታችን ስቀናል፤ ሳምንቱን ሙሉ እየተቀባበልን ስናወራው ነበር። ፊልሙ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀልድ መጣ፤ ትሬለሩ ላይ ያለው ነው። አዳራሹ ጸጥ። ሁለተኛው መጣ፤ እሱም ያው። ሰባት ቀልድ ቆጠርኩ፤ ሰባቱም ትሬለሩ ላይ የነበሩ። ስምንተኛው የለም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ በሰባቱ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ነው ያየነው። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ያሳየንንም ቤት አልወቅስም። ግን ገንዘቤን ለምን እንደከፈልኩ እስካሁን አልገባኝም፤ ትሬለሩን በነፃ አይቼዋለሁ።

የኮሜዲ ትሬለር ሕጉ አንድ ነው። ደስ የሚል ዘፈን ይጀምራል። ሰውየው በራሱ ተማምኖ እየተራመደ ይመጣል። ድንገት የሚያሳፍር ነገር ይፈጠራል፤ ዘፈኑ "ጭርርር" ብሎ ይቆማል፤ መርፌ በሸክላ ላይ ስትንሸራተት የምታወጣው ድምፅ ነው። ሁሉም ፊቱን ያዞራል። አንድ ሰው ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ይናገራል። ዘፈኑ ይቀጥላል። የሚገርመኝ ያቺ ድምፅ ናት። ሸክላ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ ሲሰማት "አሁን ሊዋረድ ነው" ብሎ ያውቃል። ዕቃው ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል።

ድምፁን ሳጠፋው ኮሜዲ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የቤተሰብ ጠብ። ሰዎች እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ በር ይደበደባል፣ ሙሽራ ታለቅሳለች። የሆነ ከባድ ድራማ ነው ብዬ ጻፍኩት። ከአሥር አራት።

አክሽንና ሳይንስ ፊክሽን አንድ ላይ ይታዩ፤ በትሬለር ደረጃ ልዩነታቸው ልብስ ብቻ ነው። እዚህ ሰፈር ንጉሡ ያ "ብራአአአም" የሚለው ድምፅ ነው። ከባድ፣ ዝቅ ያለ፣ መርከብ ወደብ ሲገባ እንደሚያሰማው ጡሩምባ ያለ። በሰፊው የታወቀው በ2010 ከኢንሴፕሽን ትሬለሮች ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ያልወሰደው የለም። ሕንፃ ሲወድቅ ብራአአም። መርከብ ሲመጣ ብራአአም። አንዱ ጋ ሰውየው መነጽሩን ሲያወልቅም ብራአአም አለ፤ እውነቴን ነው፣ መልሼ መላልሼ ነው ያየሁት።

ሁለተኛው ነገር የሚጎተት ዘፈን ነው። ሁላችንም የምናውቀውን፣ ፈጣንና ደስ የሚል የድሮ ዘፈን ይወስዱና አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ ከፒያኖ ጋር፣ ልትሞት እንደደረሰች አድርጋ ትዘፍነዋለች። መሀሉ ላይ ከበሮ ይገባል። ለዚህ ፋሽን ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው የ2010ሩ የዘ ሶሻል ኔትወርክ ትሬለር ነው። የቤልጂየም የሴት ልጆች ኳየር "ክሪፕ" የሚለውን የሬድዮሄድ ዘፈን ሲዘምር ነው የሚሰማው፤ ምስሉ ደግሞ የማኅበራዊ ገጽ ፎቶዎችና መልእክቶች ናቸው። ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ እኔም ስሰማው ፀጉሬ ቆሟል። አሁን ግን የትኛውም ዘፈን አልተረፈም። የልጅነት መዝሙር ሁሉ የቀብር ዜማ ሆኖ ቀረ። ኧረ በቃ።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። ትሬለር ላይ የምትሰሙት ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለፊልሙ የሚሠራው ሙዚቃ የሚያልቀው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ትሬለሩ ደግሞ ከወራት በፊት መውጣት አለበት። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ይዋሳሉ፤ ወይም ለትሬለር ብቻ ሙዚቃ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ ከነሱ ይገዛሉ። ሪኩዌም ፎር ኤ ድሪም ለሚባል የ2000 ፊልም የተሠራ ዜማ በትልቅ ኦርኬስትራና በኳየር ተደርጎ እንደገና ተቀርጾ ለዘ ቱ ታወርስ (የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሁለተኛው ፊልም) ትሬለር ዋለ። የዕፅ ሱስ ታሪክ ማጀቢያ የነበረው ዜማ የሰይፍና የፈረስ ጦርነት ማድመቂያ ሆነ ማለት ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ መስማማቱ ነው።

ድሮ በዚህ ቦታ ላይ ሙዚቃ ብቻውን አልነበረም፤ የሰው ድምፅ ነበር። ዶን ላፎንቴይን የሚባል አሜሪካዊ ነበረ፤ በ2008 ነው የሞተው። ከ5000 በላይ ትሬለሮች ላይ ድምፁን ሰጥቷል። "እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ..." ብሎ የሚጀምረው ያ ጎርናና ድምፅ ማለት ነው፤ ስሙን ባታውቁት ድምፁን ታውቁታላችሁ። ተራኪው ከትሬለር እየጠፋ ሲሄድ ሥራው ለገጸ ባሕርያቱ ተሰጠ። አሁን ታሪኩን የሚያስረዳን አንድ ሽበታም ሽማግሌ ነው፦ "ምን እንደቀሰቀስክ አታውቅም።" ወይም ሁለት ሰዎች፦ "እየመጣ ነው።" "ማን?" ጨለማ። ማን እንደሆነ በፊልሙም በቅጡ አይመለስ ይሆናል፤ ጥያቄው የተጠየቀው ለጨለማው ሲባል ነው። ጨለማውን ቆጥሬዋለሁ። አንድ ትሬለር ላይ ስክሪኑ 31 ጊዜ ጠቁሯል። ዓይኔን ሳልጨፍንም ጨፍኛለሁ ማለት ነው።

የፍቅር ፊልም ላይ አጭር እሆናለሁ። ዝናብ አለ። ጊታር አለ። የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚሮጥ ሰው አለ። ድምፁን ሳጠፋው ከአክሽን ጋር ተምታታብኝ፤ ሁለቱም ላይ ሰው ሕዝብ እየገፋ ይሮጣል፤ ልዩነቱ የፍቅሩ ላይ የሚያሳድደው የለም። ስድስት።

ድራማ ደግሞ በአንድ የፒያኖ ቁልፍ ይጀምራል። አንድ ብቻ። ትጠብቃላችሁ፤ ሁለተኛው ይመጣል። ከዚያ ፊልሙ በየፌስቲቫሉ ያገኘውን የሚያሳዩት የሽልማት ቅጠሎች፣ ነጭ በጥቁር ላይ፣ አንዳንዴ ከፊልሙ የሚበልጡ። ከዚያ የሃያሲያን ቃል፤ አንድ አንድ ቃል ብቻ እየተቆረጠ፦ "ድንቅ"፣ "የማይረሳ"። የቀረው ዓረፍተ ነገር የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ገበያ የሚሠራ የሌላ ቋንቋ ፊልም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድም ሰው አፉን አይከፍትም። ሰው ያያል፣ ይሄዳል፣ ያለቅሳል፣ መስኮት ይከፍታል። ንግግር ሲሰማ ተመልካቹ "ጽሑፍ ላነብ ነው" ብሎ እንዳይሸሽ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ሲያወሩ ውለው ያድራሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉድ አለ፤ ሙዚቃዊ ፊልም ዘፈኑን ደብቆ መሸጥ። በ2007 የስዊኒ ቶድ ትሬለር ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈንበት መሆኑን እንደ ቤተሰብ ምስጢር ነው የያዘው። የ2023ቱ ዎንካም፣ የ2024ቱ ሚን ገርልስም ትሬለራቸው ላይ ዘፈን ዘፈን እንዳይሸቱ ተጠንቅቀዋል። ሰው ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ተዋናዩ ድንገት ሲዘፍንበት ግራ ቀኝ ያያል። እኔ ዘፈን እወዳለሁ። የማልወደው መደበቁን ነው። ያፈሩበትን ነገር ለምን ይሠሩታል?

ዶክመንተሪው ያው ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው "ያን ቀን የሆነውን ማንም አልጠበቀም" ይላል፣ የድሮ ቪዲዮ ይታያል፣ ቴፕ ይሽከረከራል። አኒሜሽን ግን ደስ ይለኛል። ከዋናው ትሬለር ቀድሞ የሚለቀቀው አጭር ማስታወቂያ፣ ቲዘሩ፣ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ትንሽ ቀልድ ነው፤ ከፊልሙ የተቆረጠ ሳይሆን ለብቻው የተሠራ። ምንም አይወስድባችሁም፤ ይሰጣችኋል እንጂ።

አሁን ወደ ውሸቱ። ትሬለር ሲዋሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። በ2016 የወጣው የሮግ ዋን ትሬለር ላይ ከነበሩት ትዕይንቶች ብዙዎቹ ፊልሙ ውስጥ የሉም። በ2017 የወጣው የአቬንጀርስ ኢንፊኒቲ ዋር ትሬለር ላይ ደግሞ አረንጓዴው ግዙፍ ጀግና ሐልክ ከሌሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ ፊልሙ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሆን ተብሎ ነው። እኔ በዚህኛው አልተቀየምኩም፤ ታሪኩን ለመጠበቅ ነው የዋሸው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክም በ1960 ይሄን ሠርቶታል። የሳይኮ ትሬለር ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ ራሱ ሂችኮክ ቤቱን እንደ አስጎብኚ እየዞረ ያሳየናል። መጨረሻ ላይ የመታጠቢያውን መጋረጃ ሲገልጠው የምትጮኸው ሴት ፊልሙ ላይ ያለችው ጃኔት ሊ አይደለችም፤ ቬራ ማይልስ ናት። ያየው ሁሉ ተሸውዷል።

ሌላው ውሸት ግን ፍርድ ቤት አድርሷል። የ2019ኙ የየስተርደይ ትሬለር ላይ ተዋናይቷ አና ዴ አርማስ ትታያለች። ፊልሙ ላይ ግን ተቆርጣለች። እሷን ብለው ፊልሙን በኢንተርኔት የተከራዩ ሁለት ተመልካቾች እያንዳንዳቸው 3.99 ዶላር ከፍለው ነበር፤ ከሰሱ። በ2022 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ትሬለር የንግድ ንግግር ነው፣ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሊያስጠይቅ ይችላል አሉ። ክሱ በኋላ ላይ ወድቋል። ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል፤ ያ ሰባት ቀልድ ያለው ፊልም ትዝ አለኝ።

ከመዋሸት የሚብሰው ግን እውነቱን በሙሉ መናገር ነው። ካስት አዌይ የሚባለው የ2000 ፊልም ሰውየው ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ብቻውን የሚቀርበት ነው፤ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም ነው ጥያቄው። ትሬለሩ ተመልሶ ሲመጣ ያሳያል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል ብሎ ተሟግቷል። ሳልወድ በግድ እውነት አለው። ሰው ለማያውቀው ነገር ገንዘብ ማውጣት ይፈራል። ስለዚህ ነው ትሬለሮች የሚመሳሰሉት፤ ስንፍና ብቻ አይደለም።

ድምፁ ዓይነቱን ይፈጥረዋል ስል ማጋነን የመሰለው ካለ ይሄን ይይ። በ2005 ሮበርት ራያንግ የሚባል ወጣት ኤዲተር ለውድድር ብሎ ያንኑ ዘ ሻይኒንግን ወስዶ አዲስ ትሬለር ሠራለት። አንድም ምስል አልጨመረም። ደስ የሚል ዘፈን አደረገበት፣ ሞቅ ያለ የተራኪ ድምፅ አስገባ፣ ሰውየው ልጁን ሲያቅፍ ያለውን ቆርጦ ቀጠለ። ያ ደም የሚጎርፍበት ፊልም ብቸኛ ልጅ አባት የሚያገኝበት ጣፋጭ የቤተሰብ ኮሜዲ ሆነ። ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ሆቴል። ሁለቱን ትሬለሮች አከታትዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋቸው፤ ዝምድና የላቸውም።

አንድ ቅሬታ ብቻ ይቀረኛል። አሁን ኢንተርኔት ላይ ትሬለር ከመጀመሩ በፊት አምስት ሰከንድ የምትሆን፣ ጥድፍ ያለች ቁራጭ ትመጣለች። ፍንዳታ፣ ጩኸት፣ ርዕስ፤ "ትሬለሩ አሁን ይጀምራል።" የትሬለር ትሬለር ማለት ነው! ያየሁትን አሁን ላየው ነው። ጣታችን እንዳያልፈው ፈርተው ነው፤ ይገባኛል። ግን በ1998 የስታር ዎርስ አዲሱ ክፍል ትሬለር ሲወጣ ሰው የሌላ ፊልም ቲኬት ገዝቶ ገብቶ፣ ትሬለሩን አይቶ፣ ፊልሙን ትቶ የወጣበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ አምስት ሰከንድ ለምኖ የሚያስቀምጠው አላስፈለገም።

ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ጋር ሲኒማ ገባን። እሷ ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ አርፍዳ ነው የምትገባው፣ ትሬለሩን ላለማየት። ያን ቀን እኔ ስላጣደፍኳት ቀድመን ደረስን። መብራቱ ጠፋ። ከላይ የተነሳ ረጅም መንገድ መጣ፤ ጫካ፤ ትንሽ መኪና። እህቴ ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለት ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። እንደዚያ ሆና ቁጭ አለች። አዲስ ቤት፣ ሥዕል፣ መብራት፣ መዝሙር። ጸጥታ። ርዕሱ ወጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲለቅ ይሰማል። በክርኔ ነካ አደረግኳት፤ አንዱን ጣቷን ላላ አደረገች።

"አለቀ፤ ርዕሱ ወጥቷል" አልኳት።

ዓይኗን አልገለጠችም። "ቆይ፣ አንዷ ትቀራለች" አለችና ጣቷን መልሳ ከተተች።

ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።